ባሕር የገባበት ሳሎን

አንድ ከተማ ከተማ ለመባል ማዘጋጃ ቤት፣ የአውቶቡስ መናኸሪያና ቢያንስ አንድ የማይሆን ነገር የሚሠራ ሰው ያስፈልገዋል። ሁለቱን መንግሥት ያቋቁማል፤ ሦስተኛውን ግን ፈጣሪ ራሱ ይመድባል፣ ዝውውርም አይፈቅድለትም። አንባቢ የራሱን ከተማ ሰው ሳያውቀው አይቀርም፦ በጓሮው አውሮፕላን የሚገጣጥም፣ በብስክሌት ፔዳል ወፍጮ የሚያዞር፣ ከበርሜል ክራር የሚሠራ። እንዲህ ያለው ሰው መለያው ሁለት ነው። “ለምን?” ተብሎ ሲጠየቅ “እንዴት” የሚለውን ይመልሳል፤ ሚስቱ ደግሞ ከመንደሩ ሴቶች ሁሉ ታጋሿ ናት።

ለቦንጋ የተመደቡልን ክቡር አቶ ግዛቸው ናቸው። ሥራቸው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያነት፣ ትውልዳቸው መንዝ፣ ከባሕር ጋር ያላቸው ትውውቅ ደግሞ በካርታ ነው። በዐይናቸው ካዩት ውሃ ትልቁ የጎጀብ ወንዝ ነበር፤ እሱንም በሚኒባስ መስኮት። እኚህ ሰው በ2003 ዓ.ም. በሳሎናቸው ውስጥ ሦስት ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ወርድና አንድ ሜትር ከፍታ ያለው የመስታወት ገንዳ ሠርተው፣ የጨው ውሃ ሞልተው፣ ኮራልና የባሕር ዓሣ ሊያኖሩበት መወሰናቸውን አስታወቁ። “አስታወቁ” ያልኩት በምክንያት ነው። ራእይ፣ ተልእኮና ዕሴቶች ያሉት የአሥራ ሁለት ገጽ ስትራቴጂክ ዕቅድ አዘጋጅተው ለጎረቤት በየቤቱ አድለዋል። ከዕሴቶቹ የመጀመሪያው “ግልጽነት” ነበር፤ ለመስታወት ሥራ የሚስማማ ዕሴት መሆኑን መካድ አይቻልም።

“ጋሽ ግዛቸው፣ ለመሆኑ ከቦንጋ እስከ ባሕር ምን ያህል ይርቃል?” አልኳቸው።

“ታሳቢ ተደርጓል” አሉኝ።

ይህችን ቃል የሚናገሯት ፈጽሞ ያልታሰበ ነገር ሲደርስ ነው። ገንዳው በጓሮ በሲሊኮን ተጣብቆ ካለቀ በኋላ በሳሎኑ በር እንደማይገባ ታወቀ፤ “ታሳቢ ተደርጓል” ብለው የመንገድ ዳሩን ግድግዳ አስፈረሱ። ውሃው ብቻውን ሦስት ቶን እንደሚመዝን ሲታወቅ የጣውላው ወለል ተነሥቶ ብረት የገባበት ኮንክሪት ተሞላ። ባለቤታቸው እትዬ በዛወርቅ ከነሶፋቸው ወደ ጓዳ አፈገፈጉ። አንድ ቀን ብቅ ስል ከመጋረጃቸው ላይ ሲሚንቶ ሲያራግፉ አገኘኋቸው።

“እኔ ያገባሁት ደመወዝተኛ ነው” አሉኝ። “ኖኅ መሆኑን የነገረኝ የለም።”

“ኖኅ እኮ የሠራው ከውሃ ለማምለጥ ነው፣ እትዬ በዛወርቅ።”

“እሱማ ብልጥ ነበር።”

ለኮራል የሚሆነው ውሃ ምንም ነገር ያልተቀላቀለበት መሆን አለበት። በሌላ አገር ለዚህ ሲባል ውድ ማጣሪያ ይገዛል፤ በካፋ ግን ከሰማይ ይወርዳል፣ ለዚያውም ማንም ሳይጠይቀው። ሆኖም ክቡርነታቸው ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ዚንክ ይዞ እንደሚመጣ፣ ዚንክም የባሕር ፍጥረታትን እንደሚገድል ከመጽሐፍ አንብበው ነበርና በጓሮው ላይ ሰፊ ላስቲክ ወጠሩ፤ ከሥሩም በርሜሎች ደረደሩ። በዚያ ክረምት ቦንጋ በሙሉ ዝናቡን ሲያማርር አንድ ሰው ብቻ ጃንጥላ ይዞ በርሜሎቹ መካከል እየተመላለሰ ሰማዩን ያበረታታ ነበር።

ጨው መጣ፤ የወጥ ሳይሆን በልዩ ቅመማ የተዘጋጀ የባሕር ጨው። ውሃውን እንደ ማዕበል የሚያናውጡ ፓምፖች፣ የቦንጋን ብርድ የሚያስረሱ ማሞቂያዎች፣ ቆሻሻውን በአረፋ እየገፋ የሚያወጣ ቁመተ ረጅም ቱቦና ሰማያዊ መብራት ተገጠሙ። ከዚያም ለሁለት ወር ምንም አልሆነም። እንግዳ ይመጣል፣ ወደ ጓዳ በሄደው ሶፋ ፈንታ በተደረደረው ዱካ ላይ ይቀመጣል፣ ባዶ ውሃ ይመለከታል።

“ዓሣዎቹስ?” ይላል እንግዳው በትሕትና።

“ገና ናቸው። አሁን ባክቴሪያ እያረባን ነው።”

እንግዳው የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ ያስቀምጣል።

የኮራሉ ጉዳይ ግን ከሁሉ ይበልጣል። አቶ ግዛቸው ለጎረቤቱ ሁሉ “ሐሙስ ጠዋት ኮራል ይመጣል” ብለው ነገሩ። የሚያመጣው ሰሚር ነበር፤ የቦንጋ ልጅ፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌር። ሐሙስ ጠዋት የሰሚር መኪና ሲደርስ በሩ ላይ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች የተቀደደ ጀሪካን፣ ጎማ ጫማ፣ ጠርሙስና እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ ይዘው ተሰልፈዋል። የሰሙት “ቆራሌ” ብለው ነበር፤ በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ማለት ነው። አቶ ግዛቸው ይህን ያህል አድማጭ አግኝተው አያውቁምና ማንንም አልመለሱም። ኮራል ድንጋይ የሚመስል ግን ሕይወት ያለው ፍጥረት መሆኑን፣ እንዴት እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚዋለድ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱ። ሲጨርሱ “ጥያቄ ካለ?” አሉ።

ከሰልፈኞቹ አንዷ፣ እትዬ ወሰንየለሽ፣ እጃቸውን አወጡ። “እና የእኔን ድስት ማን ይወስደዋል?”

በመጨረሻ ዓሣዎቹ መጡ፤ ስምንት ነፍስ፣ ከብየዳ ቤት በተገኘ ኦክስጅን በተነፉ ላስቲኮች ውስጥ። ያን ጊዜ ግን እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ወደ መስታወቱ ተጠጋን። ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ብርቱካናማው እዚያ ውሃ ውስጥ ሲበተን ውጭ ያለው ጭጋግ እንኳ ሊያይ መስኮቱ ላይ የተለጠፈ ይመስል ነበር። ከቢታ ገነት ድረስ ሰው መጣ። አንድ ቡና አምራች አዛውንት ለረጅም ጊዜ ተመልክተው ራሳቸውን ነቀነቁና “መቼ ነው የሚታረዱት?” ሲሉ ጠየቁ። አይበሉም ሲባሉ ባለቤቱን በሐዘን ተሰናብተው ሄዱ።

ነገሩ የከፋው በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ነው። በማለዳ በመብራቱ መስመር ላይ ትልቅ ዛፍ ወደቀ፤ ጥገናው ሁለት ቀን እንደሚፈጅ ተነገረ። የአቶ ግዛቸው መጠባበቂያ ባትሪ እስከ ስድስት ሰዓት አገለገለና ዝም አለ። ፓምፕ ከቆመ ውሃው ይታፈናል፤ ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ይተነፍሱ ጀመር። አቶ ግዛቸው በነጠላ ጫማ ወደ መንገድ ወጥተው ያገኙትን የመጀመሪያ ሰው ክንዱን ያዙት። “ሊያልቁብኝ ነው” አሉት።

ሰውየው የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበር። የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት ሳይጠይቅ ጥሩምባውን ነፋ።

በሃያ ደቂቃ ውስጥ አርባ ያህል ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ጄኔሬተሩ በጋሪ ተጭኖ ደረሰ። እኔም የእድሩ ጸሐፊ እንደመሆኔ መዝገቡንና ማኅተሙን በብብቴ ይዤ መጣሁ። አቶ ግዛቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው በጆግ ውሃ እየቀዱ ከላይ ወደ ገንዳው መልሰው ያፈሱ ነበር፣ ትንሽ አየር ይገባ እንደሆነ።

“ሟቹ የታለ?” አሉ ሊቀ መንበሩ ጋሽ ሀብተ ማርያም።

በዚያው ቅጽበት አንድ ቢጫ ዓሣ በጎኗ ዘመም አለች።

ጋሽ ሀብተ ማርያም በጡረታ የተገለሉ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ናቸው፤ የእድሩን ደንብ በቃላቸው ያውቁታል። “ጄኔሬተር የሚወጣው የአባል ቤተሰብ ሲሞት ወይም በጠና ሲታመም ነው። ዕቃውን መልሱ።”

“ታመዋል እኮ” አሉ አቶ ግዛቸው ጆጉን ሳያቆሙ።

“መታመማቸውን አልካድኩም። ቤተሰብ ማለት በአባሉ ቤት የሚኖርና ስሙ በመዝገብ የሰፈረ ነው። አንቀጽ አራት።”

ጋሪው ወደ ኋላ ዞረ። እኔ ይህን ገንዳ ለሁለት ዓመት ስቀልድበት የኖርኩ ሰው ነኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፤ መዝገቡን ገለጥኩ።

“በቤቱ መኖራቸውን አርባ ምስክር ያያል። የጎደለው መመዝገብ ነው” አልኩ። “ጋሽ ግዛቸው፣ ስማቸውን ይንገሩኝ።”

አቶ ግዛቸው በላቲን ጀመሩ። የመጀመሪያው ስም ብቻ ሁለት መሥመር ሊፈጅ ሆነ። “ይህ የዝርያ ስም ነው፤ ደንቡ የሚለው የግል ስም ነው” አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም። አቶ ግዛቸው ጆጉን ይዘው ቆሙ። “ይህ… ታሳቢ አልተደረገም” አሉ።

“ጻፍ” የሚል ድምፅ ከጓዳ በር መጣ። እትዬ በዛወርቅ ነበሩ። “ብርቱካናማዎቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ነቢዩና አብርሆት። የታመመችው ዕፀገነት ናት፣ እሷን አስቀድማት። ሲበሳጭ የሚጠቁረው ጉግሳ። ሁለቱ ተከታትለው የሚሄዱት ጥሩሰውና ሙሉብርሃን። ጉንጩ የተነፋው፣ ሌላውን መንገድ የሚከለክለው ሀብተ…” አሉና ሊቀ መንበሩን አይተው፣ “ሀብታሙ በለው።”

ባላቸው አፋቸውን ከፍተው ይመለከቷቸው ነበር። “መቼ ነው ስም ያወጣሽላቸው?”

“አንተ ቢሮ ስትውል እኔ ከማን ጋር የምጫወት መሰለህ?”

“አንድ ይቀራል” አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም፤ መቁጠር ልማዳቸው ነው።

“እሱ ይቅር።”

“ደንቡ አያስቀርም።”

እትዬ በዛወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። “ከድንጋዩ ሥር የሚወሸቀው ነው። ቀኑን ሙሉ ሌላው ሲሠራ እያየ አፉን ያጣምማል፤ ምግብ ሲመጣ ግን የሚቀድመው የለም። ከፈለኝ ነው የምለው።”

ከፈለኝ እኔ ነኝ። ነጠላ ያዘቀዘቀ አርባ ለቀስተኛ በአንድ ላይ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ሀብተ ማርያም እንኳ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ስሙን ከነአባቱ ጻፍኩ፣ ማኅተም አሳረፍኩበት፤ ጄኔሬተሩም ተነሣ። ሁለት ቀን ሙሉ የእድሩ አባላት እየተፈራረቁ ቤንዚን ሲሞሉ ቆዩ። ዕፀገነት በማግሥቱ ቀና አለች። ከስምንቱ አንድም አልሞተም።

ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ ደብተር ተገልብጧል፤ ሊቀ መንበሩም “ያላግባብ የሰፈሩ ስሞች” ካሉ እንዲሰረዙ በቃለ ጉባኤ አሳስበዋል። ያን ገጽ ሁለቴም በጥንቃቄ ገልብጫለሁ፤ የገለበጥኩትም ከሌላው ሁሉ ባማረ ጽሕፈት ነው። አሁን በየእሑዱ ከገንዳው ፊት አንድ ዱካ ስቤ እቀመጣለሁ። ሞክሼዬ ከፈለኝ ግዛቸው ከድንጋዩ ሥር ወጣ ይልና አፉን ያጣምምብኛል። እኔም ጎንበስ ብዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማኝ፣ “ለመሆኑ አባታችን እንዴት ሰነበቱ?” እለዋለሁ።