ሽማግሌዎቹን ያስቀመጠው ወለል

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆቦ ላይ ወለል ሰው ሲጥል በዓይኔ አየሁ። ወለሉን የሠራሁት ደግሞ እኔው ነኝ!

አትሳቁ። ገና ነው።

ጎረቤቴ ዘይነብ አስፋልቱ ዳር ቁርስ ቤት አላት፤ ስትቆጣ ድምጿ ከተማውን አልፎ ጎብዬ ድረስ ይሰማል። ልጇን ሐያትን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው ሲሏት በረንዳዋን ላሳምር አለች። ወንድሟ ከአዲስ አበባ ኮምፖዚት የሚሉት ጣውላ ላከላት። ግማሹ የእንጨት ዱቄት፣ ግማሹ ፕላስቲክ! ምስጥ አይበላው፣ ቀለም አይፈልግ።

ስቆርጠው የተቃጠለ ጀሪካን ይሸታል። መጋዜ ራሷ ግራ ገባት።

ከጣውላው ጋር በየመሀሉ ክፍተት ተዉ የሚል ሥዕል መጣ። ሳቅሁ። ሠላሳ ዓመት ባሕር ዛፍ የገጠምኩ ሰው! ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራላ፤ ስለዚህ በመዶሻ እየጠቀጠቅህ አጥብቀህ ነው የምትገጥመው። ክፍተት የሰነፍ ነው!

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠቀጠቅሁት። ምላጭ አይገባበትም።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ መጣች። የኛን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ ዶሮ የተቀቀለ እንቁላል የምትጥልበት አገር ነው።

ለካ ይሄ ፕላስቲክ ሲሞቀው ያድጋል፤ ወለሉ መሀሉ ላይ አበጥ አለ።

ኃጢአቴ እዚህ ላይ ነው። መናገር ነበረብኝ! እኔ ግን ሜትሬን አወጣሁ። አራት ሰዓት ላይ አንድ ጣት። አምስት ሰዓት ላይ ሁለት። ጣውላ ሲያንስ እንጂ ሲያድግ አይቼ አላውቅማ! የት ድረስ ይሄድ ይሆን? እናንተስ አያጓጓችሁም?

ስድስት ሰዓት ላይ አራቱ ሽማግሌዎች ደረሱ። ዘይነብ ቀድማ ዝታለች፦ «ወላሂ ሦስት ጊዜ ሳላመላልሳቸው ልጄን አልሰጥም!» ሽማግሌ ደግሞ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

«አረፍ በሉ» አለች።

«ቃልሽን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪያቸው አባ ይማም። ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

ልክ እብጠቱ ላይ!

እኔ ተንበርክኬ እለካለሁ።

«አንተ፣ ከእግሬ ሥር ምን ጠፋብህ?»

«ምንም አይደል አባባ፤ ሦስት ጣት ሆኗል።»

ጧ!

ብሎኑ ተነቀለ፤ ጣውላው እንደ ደነበረ በቅሎ ብድግ አለ። አባ ይማም በመቀመጫቸው ዘጭ! ሦስቱም ተከትለው ዘጭ፣ ዘጭ፣ ዘጭ!



እኔ አሁንስ ምድር ትውጠኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልዋጠችኝም።

አባ ይማም ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ለመነሣት ግን አልሞከሩም። ግራ ቀኝ አዩና ፈገግ አሉ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተቀምጠናል! ተሰጥቶናል ማለት ነው!»

«ማን ሰጣችሁ?» ጮኸች ዘይነብ።

«ቤትሽ ነዋ! በሉ ዱዓ እናድርግ!»

ከጓዳ የሐያት ሳቅ ፈንድቶ ወጣ። ሙሽራዋ ከሳቀች ምን ይባላል? ዱዓው ተደረገ። ዘይነብ «አሚን» ያለችው እኔን እያየች ነው። አስተያየቷን ብታዩት፣ ወለሉ ራሱ ፈርቶ ዝቅ ያለ መሰለኝ።

«ነገ በጠዋት ፈትተህ ክፍተት እየሰጠህ ትገጥመዋለህ!» አለችኝ።

እሺ ብያለሁ። ግን ይህን ስጽፍ ስልኬ ጠራ። ዘይነብ ሁለተኛ ሴት ልጅ አለቻት፤ የደወለው እሷን የሚፈልገው ልጅ ነው።

«ጋሼ በአላህ፣ እኔም ሽማግሌ እስክልክ ያንን ወለል እንዳትነካው!»

እናንተ ብትሆኑ ትፈቱታላችሁ?