ቃሬዛ ያቆመ ጥምጥም

ሰው ሲደላው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ለምን ተፈጠርኩ?» የሚል። ሲከፋው ደግሞ «ለምን በእኔ ላይ?» ይላል። ሁለቱንም ወደ ላይ አንጋጦ ነው የሚጠይቀው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ከኋላ ይደርስበታል። እኛ ክርስቲያኖች ደግሞ ለሁሉም የሚሆን አንድ ምቹ ቃል አለችን። «የእግዜር ፈቃድ ነው» እንልና፣ ልንሸከመው ያልፈለግነውን ሁሉ እሱ ላይ ጭነን፣ እጃችንን አራግፈን እንሄዳለን። እሱም መቼም ቻይ ነው።

ይህን ከማንም አልተማርኩትም፤ በራሴ አይቼው ነው።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከሰቆጣ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ገጠር አስተምር ነበር። መንጋጋዬን ታምሜ ሦስት ቀን እህል ሳልቀምስ ቆየሁና በአራተኛው ቀን ጥርሴን ላስነቅል በማለዳ ወደ ሰቆጣ ተነሣሁ። ነጠላዬን ከአገጬ እስከ አናቴ ጠምጥሜዋለሁ፤ ጢሜንም ከተላጨሁ ሰንብቻለሁ። መንገዱን ሁሉ ከፈጣሪ ጋር ስሟገት ነበር። በአንድ ጥርስ የዓለሙ ሥቃይ ሁሉ እኔ ላይ የወደቀ መስሎኝ!

ዳገቱ ወገብ ላይ ቃሬዛ ደረሰብኝ። አራት ሰዎች ተሸክመዋል፤ አንድ ሽማግሌ በጎን ይከተላሉ። አገሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ ትከሻውን ሳያዋጣ አያልፍም። ባላጋራ እንኳ ቢሆን ይሸከማል፤ ጠቡ ከተማ ሲደርስ ይቀጥላል። ያን ዕለት ደግሞ ተቀያሪ አልነበራቸውም። የመንደሩ ወንድ ለአጨዳ ሁመራ ወርዷል፤ የሕመምተኛዋ ባል ጭምር። የተሸካሚዎቹ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እኔም ትከሻዬን ሳመቻች... ውሸት ምን ያደርግልኛል፤ አላመቻቸሁም። ሽማግሌው ጥምጥሜን አይተው ጎንበስ አሉና «አባ፣ ይባርኩን» አሉኝ።

ለቄስ መንገድ ይለቀቅለታል እንጂ ሸክም አይሰጠውም። «ቄስ አይደለሁም» ልል አፌን ከፈትኩ። ዳገቱን አየሁት። አፌን ዘጋሁ። «እግዚአብሔር ይማራት» አልኩ፤ ይህን እኮ ቄስ ያልሆነም ይላል፣ ታዲያ ምኑን ዋሸሁ?

ከጋቢው ሥር ድምፅ መጣ።

«አባ... ልናዘዝ። ሳልናዘዝ እንዳልሞት።»

ቃሬዛው መሬት ተቀመጠ። ብርቄ ትባላለች፤ የሽማግሌው የአያ ታረቀ ልጅ ናት። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆኗታል፤ ጋቢው ከታች በኩል በደም ርሷል። ኑዛዜ ነውና ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ፈቀቅ አሉ። ሰቆጣ ሆስፒታል ለመድረስ ገና የሁለት ሰዓት መንገድ ይቀራል። ተንበረከክሁ። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ቀዝቅዟል።

«አባ፣ አንድ ነገር አለ... ለማንም ያልነገርኩት...»

ብሰማት በእግዜር ወንበር መቀመጥ ነው። እውነቱን ብናገር ውርደት ነው፤ ለእሷም ተስፋዋን መንጠቅ። ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ቃሬዛው የቆመው በእኔ ዝምታ ነው፤ ደሟም እየፈሰሰ ነው። ይህንንስ የእግዜር ፈቃድ ነው ልበል?

«እህቴ፣ አትንገሪኝ» አልኩ። «ቄስ አይደለሁም። ጥርሴን አሞኝ ነው የጠመጠምኩት።»

አራቱም ዞሩ። አንደኛው በአገሬው ቋንቋ በኽምጣና የሆነ ነገር ተናገረ፤ ቋንቋውን አለማወቄ ያን ዕለት ጠቀመኝ። አያ ታረቀ ግን ለቁጣም ጊዜ አልነበራቸውም።

«እንግዲያማ ምን ትጎለታለህ? ወዲህ በል፣ ትከሻህን አምጣ!»

ከአራቱ በጣም የደከመውን ተቀበልኩት። ጌታችን ወደ ቀራንዮ ሲወጣ መስቀሉን ያገዘው ሰውዬ ከገጠር ሲመለስ መንገድ ላይ ተይዞ ነው፤ «የሕይወትህ ዓላማ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀው የለም። እኔ ግን ልማዴ አይለቀኝምና እያለከለክሁ ጠየቅሁ።

«አያ ታረቀ፣ እግዜር ለምን ይሆን ይህን ያመጣባት?»

«እሱን ስንደርስ ትጠይቀዋለህ። እግርህን አንሣ!»

ሆስፒታሉ በር ላይ ስናስረክባት ዓይኗን አልገለጠችም። አያ ታረቀ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እኛ መሬት ላይ ተዘርግተን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ አንዲት ነርስ ወጣችና «ሴት ልጅ ናት፤ እናትየዋም ተርፋለች» አለች። ሽማግሌው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ጥርሴን አስነቅዬ እዚያው ሰቆጣ ሰነበትኩና በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። ልጇን ታጠባለች፤ ፊቷ ላይ ደም ተመልሷል። ሰው ክፉ ነው፤ ያ ያልተጨረሰ ነገር ሦስት ቀን ሙሉ ሲከነክነኝ ነበር። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «ያን ዕለት ልትነግሪኝ የነበረው ነገር ምን ነበር?» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«እሱንማ ለቄስ ነው የምነግር» አለች። «አንተ ትከሻህን በቅቤ ታሽ።»