ዴልማር ደፉን እንዴት እንደተሻገረ

በዊስኮንሲን ምድር ከተነሡ የጤና ኢንሹራንስ ሊቃውንት መካከል እንደ ካርቶን ፋብሪካው ዴልማር ኩስተር ያለ አልተነሣም፤ ወደፊትም፣ እግዜር ቢያዝንልን፣ አይነሣም።

ሊቅነቱ የተገለጠው በኅዳር ወር ነው። በኅዳር የፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ግሬቼን ሠራተኛውን ምግብ አዳራሽ ሰብስባ፣ ዶናት አቅርባ፣ የመጪውን ዓመት ኢንሹራንስ ታስመርጣለች። ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው በየወሩ ከደመወዝ ብዙ ይቆርጣል፤ ደፉ ግን ዝቅ ያለ ነው። ሁለተኛው የሚቆርጠው ጥቂት ነው፤ ደፉ ግን ተራራ ነው። ደፍ ማለት ኢንሹራንሱ ንቅንቅ ከማለቱ በፊት በሽተኛው ከገዛ ኪሱ የሚከፍለው ነው። ደፉን ሲሻገሩ ወጪውን ሁለቱ ይካፈላሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ጣሪያ አለ፤ ጣሪያው ላይ የደረሰ ሰው የዓመቱ ቀሪ ሕክምና በነጻ ነው። ግሬቼን ከዚህ ሌላም ብዙ ተናግራለች፤ ዴልማር ግን ያኔ ሦስተኛው ዶናት ላይ ነበር።

«ጥያቄ ያለው?» አለች።

«እኔ አልታመምም» አለ ዴልማር።

«ይሄ እኮ ጥያቄ አይደለም።»

«አዎ፣ መልስ ነው።»

ተራራውን መረጠ። በተረፈው ገንዘብም ቅጠል መሳይ የአደን ካፖርት ገዛ። ብልህ ሰው እንዲህ ነው።

በጸደይ ሚስቱን ኦርላን ጎኗን ወጋት። ኦርላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ፣ ብርቱ ሴት ናት። ሐኪሙ የሐሞት ጠጠር ነው፣ ይውጣ አላት።

«ይወጣል» አለ ዴልማር፣ ድምፁን እንደ ገዥ አወፍሮ። «ግን አሁን አይደለም። አሁን ብትገቢ ሙሉውን የምንከፍለው እኛ ነን። መጀመሪያ ከቤቱ አንድ ሰው ደፉን ይሻገር፤ ከዚያ በተከፈተ በር ሰተት ብለሽ ትገቢያለሽ።»

«ማን ነው የሚሻገረው?»

«ዓመቱ ገና ረጅም ነው። አንዱ አንድ ነገር መሆኑ አይቀርም።»

ስለዚህ ቤተሰቡ በፍቅርና በአንድነት አደጋ መጠባበቅ ጀመረ። ልጃቸው ቴስ ስታስነጥስ ዴልማር በተስፋ ቀና ይላል፤ ጉንፋን ብቻ ሆኖ ሲቀር ያዝናል። ኦርላ ቅባት ስለማይስማማት በጋውን ሁሉ በተቀቀለ ድንች ገፋችው፤ በዊስኮንሲን ቺዝ አለመብላት ሃይማኖት ከመለወጥ አይተናነስም። ሕመሙ ሲነሣባት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ እስኪያልፍ ትቆማለች።

«አይዞሽ» ይላታል ሊቁ። «ይሄ ሕመም ወደፊት በነጻ ነው የሚሆነው።»

እግዜርም ሳይደግስ አይጣላም፤ በኅዳር አጋጣሚው ደረሰ። የአጋዘን አደን በተከፈተ ዕለት ዴልማር አዲሱን ካፖርት ለብሶ ዛፍ ላይ በሠራው ማማ ወጣ። ካፖርቱ ቅጠል መምሰሉ እውነት ነበር፤ እንደ ቅጠልም ወረደ። ቅልጥሙ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ጎረቤቱ ቨርን ሲደርስለት መሬት ላይ ተዘርሮ ይስቃል።

«ቨርን! ደፉን ተሻገርን!»

ቨርን ጭንቅላቱም ተመትቷል ብሎ ለአምቡላንሱ ሰዎች ነገረ።

እግሩ ውስጥ ብረት ገባ፤ በዚያው ሳምንት ደፉ ቀርቶ ጣሪያውም ታለፈ። ቤት ሲገባ ጀግና ነበር። ሶፋው ላይ ተንጋሎ፣ ጄሶውን ትራስ ላይ ሰቅሎ ንግግር አደረገ፦ «ይህ እግር የአንድ ሰው እግር አይደለም፤ የቤተሰቡ እግር ነው!» ኦርላ እንባዋ መጣ። ወዲያው ሐኪሟ ጋ ደውላ ለታኅሣሥ ቀን ያዘች። ዴልማር ደግሞ ድሉን ሊያበስር ግሬቼን ጋ ደወለ።

«እንኳን ተረፍክ» አለችው። «ግን ያለፍከው ያንተን ጣሪያ ነው። የኦርላ የራሷ ነው፤ ደፏም አልተነካም። የቤተሰቡ ጣሪያ ደግሞ ገና ግማሽ ላይ ነው።»

«መቼ ነው ይሄ የተባለው?»

«ዶናት ስትበላ።»

ስልኩን ዘጋ። «ኦርላ» አላት፣ «ማማው እኮ አሁንም ዛፉ ላይ አለ።» ቀልዱን ነበር። ይመስለኛል።

ኦርላ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። የታኅሣሡን ቀጠሮ ሰረዘችና ካፖርቷን ደርባ ወጣች።

ዴልማር ግን ነጻ ሕክምና ሲባክን የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። ለማንኮራፋቱ ተመረመረ፤ ለጥፍሩ ተመረመረ፤ ጀርባው ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ አስወሰደ። አንዱ ሐኪም «ምንህን ነው የሚያምህ?» ቢለው «ገና እየፈለግን ነው» አለው። እሱ ከክፍል ክፍል በክራንች ሲዞር ኦርላ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ቢሮ ሄዳ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለሾፌሮቹ ኢንሹራንስ አለው፤ ደፉም ዝቅ ያለ ነው። በየዓመቱ ግቢ ይሏታል፤ በየዓመቱ ዴልማር «ለአንድ ቤት ሁለት ኢንሹራንስ? ሞኝነት!» ይላል። ዘንድሮ ሳትጠይቀው እሷና ቴስ ገቡ።

በጥር አዲሱ ዓመት ሲገባ ኦርላ ጠጠሯን አስወጣች። ወደ ሥራ በምትመለስበት ጠዋት ለዴልማር ከሐኪም ቤት ተደወለ፤ እግሩ መራመድ እንዲማር ተከታታይ ሕክምና ያስፈልገዋል። ዋጋውንም ነገሩት።

«ጣሪያ ላይ ደርሻለሁ እኮ!»

«እሱ የአምናው ነው፣ አቶ ኩስተር። ዘንድሮ ደፉ ከዜሮ ይጀምራል።»

ሊቁ ስልኩን አስቀመጠ። በክራንቹ እየተንፏቀቀ በሩ ድረስ ተከተላት።

«ኦርላዬ፣ ያንቺ ኢንሹራንስ ላይ ለባል ቦታ የለውም?»

«አለው።»

«ተመስገን!»

«ምዝገባው ግን ተዘግቷል። የሚከፈተው በኅዳር ነው።»

«እስከዚያስ ምን ልሁን?»

ኦርላ የአውቶቡሱን ቁልፍ አነሣች።

«እስከዚያማ መሬት ላይ ቆይ።»