በአልማዝ ውስጥ የቀረ ብርሃን

ሲያስረዳ ይበልጥ የሚያጨልም ምሁር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንጅባራ ገበያ ላይ አግኝቼዋለሁ። የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ዶክተር ከሰል ሊገዛ መጥቶ፣ ሻጩን ጋሽ ፈንታን ስለ አልማዝ ያስተምራቸው ጀመር።

«አልማዝ የከሰልዎ ዘመድ ነው። ውስጡ ያለች አንዲት እንከን ብርሃን ታፈልቃለች፤ አብዛኛው ግን ከአልማዙ ግድግዳ እየተመለሰ እዚያው ይቀራል። እኔ ብርሃኑ እንዲወጣ አልማዙን እንደ ጉልላት እቀርጸዋለሁ።»

እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራውን ግን እኔም፣ ከሰሉን የተሸከመው ፈረስም እኩል ነው የተረዳነው።

ጋሽ ፈንታ የጆንያውን አፍ ሰፍተው ጨረሱና ቀና አሉ።

«ልጄ የእርስዎ ተማሪ ናት። ዓመቱን ሙሉ ተምራ፣ ‹ምንም አልገባኝም› እያለች ፈተናውን ወደቀች። እባክዎ ዶክተር፣ የአልማዙ ብርሃን ይቆይ፤ መጀመሪያ የእርስዎ ይውጣ።»