ቆጮ የሚያስወድድ ጦርነት

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ የቆጮ ዋጋ ጨመረ።

የኑሮ ውድነትን ሁሉ በጦርነት የሚያሳብብ ነጋዴ ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛው ሸምሱ ይባላል። ባሕር ማዶ ጥይት ሲተኮስ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው፤ ሬዲዮ እንኳ ከኋላው ይከተላል።

ዘይነባ የደረሰ እንሰቷን ጨርሳ፣ ለልጆቿ ቆጮ ልትሸምት ከመስቃን ገጠር መጥታለች።

"ባሕሩ ላይ እየተታኮሱ መርከቡ ሁሉ ቆሟል" አላት።

"አንተ ሸምሱ፣ ቆጮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በመርከብ የሚመጣው?"

ገበያተኛው ሳቀ።

"ወላሂ፣ ስንዴው አልገባም። ስንዴ በሊታው ሁሉ ቆጮ ላይ ወረደ!"

እኔም ስቄ ነበር። ሙያዬ ጋዜጠኝነት ነውና ወፍጮ ቤቶቹን ዞሬ አጣራሁ፤ ሰውየው አልዋሸም።

ዘይነባ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ ቤቷ ስደርስ፣ ለመድረስ ገና ዓመታት የሚቀሩትን እንሰት ከጓሮዋ እየነቀለች ነበር።