ነፋሱ በማን ካርታ ላይ ነው?

ፈረንጅ ቃል ይቆጥባል። ለእኛ ሁለት የሆነውን ነገር እሱ በአንድ ቃል ጠቅልሎት ይሄዳል። ፊዚክስ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን «የብረትን ሁለት ፕሮፐርቲዎች ጥቀሱ» ብዬ ለፈተና ባወጣ፣ አንዲት ተማሪ «ሚስማርና የግቢ በር» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ የብረትን ባሕርይ ብጠይቃት እሷ የብረትን ሀብት ቆጠረችልኝ። ዜሮ ሰጠኋት። ዛሬ ቢሆን ግማሹን አልነፍጋትም ነበር።

ፈረንጅ «ፕሮፐርቲ» ብሎ የጠቀለለውን እኛ አንዱን ንብረት፣ ሌላውን ባሕርይ እንላለን። ንብረት ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ ይሰረቃል። ባሕርይ ግን ከባለቤቱ ተጣብቆ የሚኖር ነገር ነው፤ እሳቱን ወስዶ ሙቀቱን የተወ ሌባ እስካሁን አልተያዘም። ሁለቱን ሲያስታርቁ የሰማኋቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ስለ እግዜር ሲናገሩ «ምሕረት የባሕርይ ገንዘቡ ነው» ይላሉ። ደግሞም ንብረት የሚለው ቃል ዘሩ ‹ነበረ› ነው፤ ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ነገር ያንተ የሚሆነው ስለኖርክበት ነው ወይስ ካርታ ስላወጣህበት? ይህን ለጠበቆች እንተወውና እኔ የሁለቱን ጎረቤቶቼን ነገር ላውጋችሁ።

እዚህ አዳማ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ጋሽ ሳህሌና ጋሽ ዋቅጅራ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ጋሽ ሳህሌ ከሰሜን ሸዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ በድሬሰርነት ሕመምተኛ ሲያክም ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አፉ ለአፍታ የማያርፍ ተጫዋች ነው። ጋሽ ዋቅጅራ የዚሁ የአዳማ ዙሪያ ልጅ፣ በከባድ መኪና ጂቡቲንና ሞያሌን ሲያካልል የኖረ፣ ቃል የሚመዝን ዝምተኛ ነው። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ ሌላው ጴንጤ። ሳህሌ በሚጾምበት ቀን ዋቅጅራ ሥጋውን ቤቱ ውስጥ በልቶ፣ አፉን ተጉመጥምጦ ነበር የሚወጣው። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም።

የሚወጣው ደግሞ ወደ መካከሏ ነው። በሁለቱ ቤቶች ግድግዳ መካከል ጋሪ የምታሳልፍ ባዶ ቦታ ነበረች። አዳማን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲንጣጣ ሰው ከገዛ ቤቱ ይሰደዳል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን የትም አይሰደዱም። አግዳሚያቸውን መካከሏ ላይ ያወጡና ይቀመጣሉ። ሜዳውን አቋርጦ የመጣው ነፋስ ሁለቱ ቤቶች መካከል ሲደርስ መንገዱ ይጠበዋል፤ መንገድ የጠበበው ነፋስ ደግሞ ይፈጥናል። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው። ሌላው ሰፈር ሲቃጠል እዚያ ሸሚዝ ይውለበለባል። ልብ በሉ፣ ያ ቅዝቃዜ የሳህሌ ቤት ባሕርይ አልነበረም፤ የዋቅጅራ ቤትም አልነበረም። ሁለቱ ቤቶች ተያይተው ስለቆሙ የመጣ ነገር ነው። አንዱን ብታፈርሰው ሌላው ብቻውን አያመጣውም።

የጋሽ ዋቅጅራ ሚስት ካረፈች ወዲህ የሳህሌ ባለቤት እትዬ ጽጌ ምሳ ለሦስት ሰው ነበር የምታቀርበው፤ እዚያችው መካከል። እኔም አንዳንዴ አራተኛ ሆኜ እጄን እታጠብ ነበር።

አንድ ቀን ለአዲስ ካርታ የሚለካ ቀያሽ መጣ። መሣሪያውን ተከለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ጠየቀ፤ «ይቺ መካከል ያለችው የማን ናት?»

ሁለቱም ሳቁ። «የሁለታችንም ናት» አሉት።

«የሁለታችሁም የሚባል ነገር አላስገባም» አለ ቀያሹ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፀሐይ የመታው ሠራተኛ ነበር። «ወይ የእሳቸው ናት፣ ወይ የእርስዎ።»

ሰውየው ጥያቄውን ጥሎ ሄደ። ጥያቄው ግን እዚያው ቀረ። ሁለቱም በየፊናቸው «የማን ናት?» ብለው ማሰብ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ አንዴ አግዳሚ ላይ ከተቀመጠ ቦታውን አይለቅም። በሳምንቱ ጋሽ ሳህሌ እንደ ቀልድ «ለነገሩ ቀድሜ የሠፈርኩት እኔ ነኝ» አለ። ጋሽ ዋቅጅራ ሻዩን አስቀመጠ። «አያቴ እዚህ ሜዳ ላይ ከብት ያግዱ ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልጽፈውም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። በዚህ አገር ‹ማን ቀድሞ መጣ› ተብሎ የተጀመረ ወሬ ቁራሽ መሬት ላይ አይቆምም፤ ያገሩን ሰው ሁሉ ጠርቶ ያመጣል።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔም ተጠራሁ። «መሬቱን መካፈል ይቻላል» አልኩ፤ «ነፋሱ ግን አይካፈልም። ግንብ ካቆማችሁ ሁለታችሁም ታጡታላችሁ።»

«ቲቸር፣ ነፋሱን ለተማሪዎችህ አስተምር» አለኝ ጋሽ ሳህሌ። «ካርታ ላይ ነፋስ የለም።»

እውነቱን ነው፤ የለም። መካከሏ እኩል ተከፈለች፣ መስመር ተሰመረባት። በሒሳብ ትምህርት መስመር ርዝመት እንጂ ስፋት የለውም። ብሎኬት ግን ስፋት አለው። ግንቡ በማን ስንዝር ላይ ይቁም? አንዱም ስንዝሩን አልሰጥም አለ። ስለዚህ ሁለት ግንብ ተሠራ። አዎ፣ ሁለት! የሳህሌ በሳህሌ በኩል፣ የዋቅጅራ በዋቅጅራ በኩል፣ መሐላቸው ድመት እንኳ እንደ ልቧ የማትዞርበት። ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። በዚያው ሰሞን የሁለቱም ቤት ምድጃ ሆነ።

እትዬ ጽጌ ምሳውን አላቋረጠችም። ሳህኑን በነጠላዋ ሸፍና፣ በመንገድ ዞራ፣ በዋቅጅራ በር ታስገባለች። ጋሽ ሳህሌ ሳህን መጉደሉን ያያል፤ አይጠይቅም። ጋሽ ዋቅጅራም ሳህኑን ባዶውን መልሶ አያውቅም፤ ወይ ሎሚ ወይ ፓፓያ ያደርግበታል። ጋሽ ሳህሌ ፓፓያውን ይበላል፤ ከየት መጣ አይልም።

አንድ ቀን ጋሽ ዋቅጅራ መንገድ ላይ አስቆመኝ። «የዚያ ሰውዬ ሳል ጠንክሯል። ሐኪም ቤት ሂድ በለው» አለኝ።

«አንተስ አትለውም?»

«እኔ ምን አገባኝ። ከግንብ ማዶ ያለ ሰው ነው።»

መልእክቱን አደረስኩ። ጋሽ ሳህሌ መጀመሪያ ተቆጣ። «የሰው ሳል የሚቆጥር ምን ዓይነት ጎረቤት ነው!» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሰማል እንዴ እዚያ ድረስ?» አለኝ። ደስ ያለው መሰለኝ። በነጋታው ስሄድ ሳሉን ጮክ አድርጎ ሲስል ሰማሁት። ሐኪም ቤት ግን አልሄደም፤ ድሬሰር የነበረ ሰው ማንን አምኖ ይሄዳል?

አንድ ማለዳ እትዬ ጽጌ ጮኸች። ስንደርስ ጋሽ ሳህሌ አልፏል።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡ። መንገዱ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሯል፤ ግቢው ደግሞ በግንቡ ምክንያት ጠቧል። ድንኳኑን ቢያዞሩት ቢያገላብጡት አልገባ አለ። እንዲህ ሲጨነቁ ከማዶ ጓ! ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ዞሬ ብሄድ ጋሽ ዋቅጅራ በካናቴራው፣ ዲጂኖ ጨብጦ፣ የራሱን ግንብ ይንዳል። ጎረምሶች ሊያግዙት ቢጠጉ በክርኑ መለሳቸው። ግንቡ ሲወድቅ ከኋላው የሳህሌ ግንብ ብቅ አለ። ዲጂኖውን አነሣ። ሳይመታ መልሶ አወረደው።

«ዋቅጅራ! ለምን አቆምክ?» አለች እትዬ ጽጌ ከማዶ። ድምፁን እያዳመጠች ነበር።

«ግንቡ የሳህሌ ነው፣ ጽጌ። የሰው ንብረት እንዴት…»

«ምታው! ባለቤቱ የለም።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

«ባለቤቴ እኮ የለም!» ብላ መሬት ላይ ስትወድቅ እዚህ ድረስ ተሰማን።

ያኔ ጋሽ ዋቅጅራ ግንቡን መታው። «ያ ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ! ወንድሜ!» እያለ፣ በአቧራው ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ መታው።

ድንኳኑ ተተከለ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ፤ ሸራውን ወጥሮ ያራግበው ጀመር። ታሪኩን የማያውቁ ለቀስተኞች «እንዴት ያለ ነፋሻ ቦታ ነው!» ይባባሉ ነበር። ጋሽ ዋቅጅራ ብሎኬት ላይ ተቀምጦ እህል አልቀምስ አለ። አጠገቡ ብቀመጥ፣ «ሳሉን የሰማሁ ዕለት ባፈርሰው ኖሮስ፣ ቲቸር?» ብሎ ጠየቀኝ። ለዚህ የሚሆን ሕግ አላውቅም።

ከአርባው በኋላ የጋሽ ሳህሌ ልጆች ከአዲስ አበባ ተመልሰው መጡ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ በልጅነታቸው በዋቅጅራ መኪና ጋቢና ውስጥ ያደጉ። እናታቸውን ይዘው ሊሄዱ ነው፤ ቤቱ ይሸጣል፤ ገዢው ደግሞ ወሰኑ ታጥሮ ካላየሁ አልፈርምም ብሏል። ምን ይፈረድባቸዋል? ግንበኛ አመጡ። ግንበኛው ችካል መትቶ፣ በቀድሞው መስመር ላይ ክር ወጠረ።

ጋሽ ዋቅጅራ ከቤቱ ወጣ፣ ክሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ ያዘውና ወደ ራሱ ግቢ ሳብ አደረገው።

«ልጄ፣ ወደ እኔ አድርጉት» አለው ታላቁን። «በእኔ መሬት ላይ ይቁም። ስንዝሩን ሰጥቻችኋለሁ።»

ልጁ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጋሼ» አለ። «ግን አይሆንም። ከካርታው ጋር አይገጥምልንም።»

ጋሽ ዋቅጅራ ክሩን ለቀቀው። ክሩ ተርገበገበና ወደ መስመሩ ተመለሰ።

«እንቀጥል?» አለ ግንበኛው።