የመካነ ሰላም መንገድ የቀና ጊዜ

ሰው ስለ ቀጥተኛ መንገድ አሳምሮ የሚናገረው መንገዱ በጎረቤቱ ጓሮ ሲያልፍ ነው። እኔም ከዚህ የተለየሁ ፍጡር አልነበርኩም።

በአብዮቱ መባቻ መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። ያኔ የከተማዋ ዋና መንገድ፣ መንገድ ከተባለ፣ ከገበያው በታች ሲደርስ እንደ በግ ቀንድ ይጠመዘዝ ነበር። ምክንያቱን ሽማግሌዎች ብጠይቅ አንዱ፣ ድሮ እዚያ ትልቅ ወይራ ነበረ አሉኝ። ሌላው ደግሞ የለም፣ የአንድ የጥንት ሹም በቅሎ ዳገቱን ቀጥ ብላ መውጣት ስለማትወድ ነው አሉ። እኔ በቅሎዋን አምናለሁ። ስንቱ የአገር ጉዳይ በበቅሎ ፈቃድ ተቀይሶ የለ?

ድርቁ ባይመጣ ማን ይነካው ነበር። ከቆላው የተሰደደው ሕዝብ ገበያው ዳር ሰፍሮ ሲጠብቅ፣ የእርዳታ እህል የጫነው መኪና ጠመዝማዛው ላይ ተቀረቀረ። ሲገፋ ዋለ። እህሉን በዓይናቸው እያዩ ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር ቆሜ ስለነበር፣ በዚያ ቀን ዛሬም አልቀልድም።

ቀበሌ ሲቋቋም መንገዱ ይቅና ተባለ። የስብሰባው ጸሐፊም ተናጋሪም እኔ ሆንኩ። መታጠፊያው ላይ ቤት የነበራቸው ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ዘሀራ ተነሥተው፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ቤት እንዳይነካባቸው ለመኑ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «የሰፊው ሕዝብ መንገድ ለማንም ግለሰብ ጎጆ አይታጠፍም።» ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እትዬ ዘሀራ ሻሻቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ወደ ቤቴ ስመለስ አረማመዴ ሁሉ ተለውጦ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ቀያሹ መጥቶ ገመዱን ወጠረ፣ ኖራውን አሰመረ። ነጩ መስመር የእትዬ ዘሀራን ግድግዳ በአንድ ክንድ ስቶ ወረደና፣ ማዶ ያለውን የእኔን ቤት ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ ለይቶ መሀል ለመሀል አለፈ። ጠጋ ብዬ፣ ገመዱ ትንሽ ወደ ግራ ቢሳብ ምን እንደሚመስለው ጠየቅኩት። እሱም ረጋ ብሎ፣ መንገዱ ለማንም እንደማይታጠፍ መወሰኑን፣ ቃለ ጉባኤውም እጁ ላይ እንዳለ ነገረኝ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የተባለው ለእኔ ነው።

ባለቤቴ አስካለ ሁለት ቀን ዕቃ ስትሸክፍ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን፣ «ምነው የስብሰባው ዕለት ጉንፋን በዘጋህ» አለችኝ።

የማፍረሻው ቀን ደረሰ። ሌላ ሰው ሲያፈርሰው ቆሜ ከማይ ብዬ ዶማውን ራሴ አነሣሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አብዮታዊ ቆራጥነት መስሎት። ዕንባዬን ያዩት እትዬ ዘሀራ ብቻ ነበሩ። ቀረብ ብለው፣ «አብሽር መምህር፣ ለሚጠይቅህ አቧራ ነው በል» አሉኝ። ቀጠሉና፣ «ዕቃህን ወደኔ አስገባ። ያሉኝ ሁለት ክፍሎች ናቸው፣ ላንዲት ሴት አንዱ ይበቃል» አሉ። ክረምቱን በሙሉ እሳቸው ቤት አሳለፍን። ስለዚያ ንግግሬ አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር።

መንገዱስ? ቀና። ቀጥሎ የመጣው እህል የጫነ መኪና የትም ሳይቆም፣ በቀድሞ መኝታ ቤቴ ላይ አልፎ ገበያው ዳር ደረሰ። ጆንያው ሲራገፍ፣ እናቶች ቁናቸውን ይዘው ሲሰለፉ ሳይ፣ እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። አስካለም አጠገቤ ቆማ ነበር፤ «እንግዲህ ለዚህ ከሆነ ይፍረስ» አለች።

ወሬው ግን አውራጃ ድረስ ሄዶ ኖሯል። ቤቱን በገዛ እጁ ያፈረሰ ቆራጥ መምህር ተብዬ ተሸለምኩ። ሽልማቱ ወደ አቀስታ መዛወር ነበር፤ እዚያም የሚቀና መንገድ አለና ሕዝቡን እንድቀሰቅስ። አቀስታ እንደደረስኩ ሕዝቡ ንግግሬን ሊሰማ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ንግግሩን ለግማሽ ቀን እንዲያቆዩልኝ ይቅርታ ጠየቅኩና፣ ገመዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሜ ልጠይቀው የአቀስታውን ቀያሽ ፈልጌ ምሳ ጋበዝኩት።